ቀይ ሁሉ የጥጥ ትኋን አይደለም
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ትምህርት የተዘጋጀ)

  

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች! የዛሬውን ትምህርታችንን የምንጀምረው የራሳችንን ስህተት በማረም ነው። ከዚህ ቀደም በጥያቄና መልስ ሰዓታችን፣ በጫሞ ሐይቅ ዳርቻ ጥጥ የሚዘራ አንድ ወንድማችን ጥያቄ አቅርቦልን ነበር። ጥጡ ፍሬ ይዞ መፈንዳት ሲጀምር ቀያይ ነፍሳት በመንጋ እንደሚሰፍሩበትና ምርቱን እንደሚያበላሹበት ከነገረን በኋላ፣ እነዚህን ፍጥረታት መግደል በሸሪዓ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀን። እኛም የሰውን ገንዘብ የሚያጠፋ ተባይ መግደል እንደሚፈቀድ አስረዳነውና «ቀዩን ሁሉ ግደል» ብለን ጉዳዩን ዘጋነው። መልሳችን ግማሹ ትክክል ነበር። ሌላውን ግማሽ ያረመልን የግብርና ባለሙያ የሆነ አንድ አድማጫችን ነው። ጥጥ ላይ ቀይ ሆኖ የሚታየው ሁሉ አንድ ፍጥረት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ከመካከላቸው ተባዩን እያደነ የሚበላ እንዳለ፣ እኛ ግን አጥፊውንም ጠባቂውንም በአንድ ፈትዋ እንደፈረድንባቸው በትሕትና ነገረን። አላህ ይመንዳው።

ነገሩ አስደነገጠን። ምክንያቱም ይህ ዓይነቱ ስህተት በፊቅህ ትምህርት ቤት ገና ስንጀምር እንድንጠነቀቅ ከተነገረን ነገር ውስጥ ነው። በሐረም ክልል ውስጥ እንኳ፣ በኢሕራም ላይ ያለ ሰው ሳይቀር፣ ሊገድላቸው የሚፈቀድ አምስት እንስሳት በሐዲስ ተዘርዝረዋል፤ ቁራ፣ ጭልፊት፣ ጊንጥ፣ አይጥና ተናካሽ ውሻ። ሆኖም ኢማም ሙስሊም ከዘገቧቸው ሐዲሶች በአንዱ ላይ ቁራው ዝንጉርጉር መሆኑ ተጠቅሷል። ከዚህ ተነስተው ብዙ ዑለሞች እህል ለቃሚውን ትንሹን ቁራ ከፍርዱ አውጥተውታል። ሁለቱም ቁራ ይባላሉ፤ ሁለቱም ይጮኻሉ፤ ሑክማቸው ግን ይለያያል። ስሙ አንድ ስለሆነ ፍርዱም አንድ ነው ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል ጉንዳንና ንብን መግደል ተከልክሏል። ከቀደምት ነቢያት አንዱን ጉንዳን ስለነከሳቸው የጉንዳኖቹን መንደር ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ማዘዛቸውን፣ አላህም በአንዲት ነካሽ ምክንያት እርሱን የሚያወድስ ሕዝብ በማጥፋታቸው እንደወቀሳቸው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ ሚንበር ላይ ቆመን ተናግረነዋል! በጥጡ ጉዳይ ላይ ግን ረሳነው።

ስለዚህ ይህ ቀይ ተባይ ማን እንደሆነ፣ ዘመዶቹ እነማን እንደሆኑና ከሚመስለው እንዴት እንደሚለይ ካነበብነውና ከባለሙያዎች ከሰማነው ለእናንተም እናካፍላችሁ። ጥጥ የማትዘሩ ወገኖቻችንም «ይህ የገበሬ ጉዳይ ነው» ብላችሁ ሬዲዮኑን አትዝጉት። በጁምዓ የምትለብሱት ነጭ ጀለቢያ፣ የሐጅ ኢሕራም፣ በመጨረሻም ሁላችንም የምንጠቀለልበት ከፈን ከዚሁ ተክል ይወጣል። ረሡል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ከየመን በመጡ ሦስት ነጭ የጥጥ ጨርቆች እንደተከፈኑ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግረውናል።

ጥጥ በጋሞ ምድር እንግዳ አይደለም። በጫሞ ምዕራባዊ ዳርቻ ሲሌ ላይና በአርባ ምንጭ ዙሪያ በደርግ ዘመን ሰፋፊ የመንግሥት የጥጥ እርሻዎች ነበሩ። ዛሬ ብዙውን መሬት ሙዝና ማንጎ ወስደውታል፤ ሆኖም በስምጥ ሸለቆው ቆላ ጥጥ የሚዘሩ አነስተኛ ገበሬዎች አሁንም አሉ። ከቆላው ወደ ደጋው ስንወጣ ደግሞ ዶርዜ አለ። እናቶች ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትሉታል፤ አባቶች ድርና ማግ አድርገው ይሸምኑታል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የገዛ ሰው የጋሞ ሸማኔን እጅ ሳያውቀው ነክቷል። እንግዲህ እነዚያ እናቶች ከባዘቶው መካከል ቢጫና ቡናማ የሆነ፣ ሲፈተል የሚበጣጠስ ጥጥ አንስተው ሲጥሉ አይተን ከሆነ፣ የዛሬው ባለጉዳያችን የሠራውን ሥራ አይተናል ማለት ነው።

ወገኑና ቤተሰቡ

ሳይንቲስቶች ይህን ተባይ ዲስደርከስ ከሚባል ወገን ይመድቡታል። እኛ በዚህ ትምህርት የጥጥ ትኋን እንለዋለን። ትኋን ያልነው በአልጋ ላይ የሚነክሰውን ለመስደብ ሳይሆን በእውነት ስለሚዛመዱ ነው። ሁለቱም ሄሚፕቴራ ከሚባለው ታላቅ ክፍል ናቸው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ግማሽ ክንፍ ማለት ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ እስካሁን የታወቁት ዝርያዎች ከ80,000 ይበልጣሉ፤ ጎመን የሚያሽመደምደው ክሽክሽ እዚያ ውስጥ ነው፤ ቲማቲም የሚያጠቃው ነጭ ዝንብም እዚያ ነው። የሁሉም የጋራ መለያ አፋቸው ነው። አንበጣ ያኝካል፤ እነዚህ ግን ማኘክ አይችሉም። አላህ የሰጣቸው እንደ ሐኪም መርፌ የቀጠነ ምንቃር ነው። ይወጋሉ፤ ምራቃቸውን ያስገባሉ፤ ምራቁ ምግቡን ካላላው በኋላ ይመጡታል።

ከዚህ ታላቅ ክፍል ውስጥ እውነተኞቹ ትኋኖች የሚባሉት አሉ። የላይኛው ክንፋቸው ግማሹ እንደ ቆዳ ወፍራም፣ ጫፉ እንደ ስስ ላስቲክ ነው። ከእነርሱም ውስጥ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ትልቁ ሚሪዴ የሚባለው የእፅዋት ትኋኖች ቤተሰብ ሲሆን ብቻውን ከ11,000 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ወደ እርሱ ኋላ እንመለሳለን። የጥጥ ትኋን ግን ከሌላ፣ አነስ ካለ ቤተሰብ ነው፤ ስሙ ፒሮኮሪዴ ይባላል። ትርጉሙ የእሳት ቀለም ያለው ትኋን እንደማለት ነው። ይህን ቤተሰብ ከሚመስሉት ጎረቤቶቹ ለመለየት ባለሙያዎች ጭንቅላቱን ያያሉ። ብዙ ነፍሳት ከሁለቱ ትላልቅ ዓይኖች ሌላ ግንባራቸው ላይ ጥቃቅን ተጨማሪ ዓይኖች አሏቸው፤ ይህ ቤተሰብ የለውም። ወገን ከወገን የሚለየው እንዲህ ባለ ነገር ነው እንጂ በቀለም አይደለም።

የቀለም ነገር ሰውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1775 ፋብሪሲየስ የተባለ ዴንማርካዊ ሊቅ፣ የሊኒየስ ተማሪ የነበረው፣ ከዚህ ወገን ለአንዱ ሱፐርስቲሺዮሰስ የሚል ስም አወጣለት። ቃሉ በላቲን በከንቱ ነገር የሚያምን፣ ጥንቆላ የሚፈራ ማለት ነው። (ነፍሳቱ ምን በድለው ይህን ስም እንዳገኙ ባይገባንም፣ ሺርክ የሚሠራው የሰው ልጅ መሆኑን ግን እናውቃለን።) የወገኑ ስም እ.ኤ.አ. በ1831 ወጣ። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ከየአገሩ የተላኩ ቀያይ ትኋኖች በየሙዚየሙ ሣጥን እየገቡ አንዱ ብዙ ስም ሲያገኝ፣ ብዙዎች ደግሞ በአንድ ስም ሲጠሩ ቆዩ። አፍሪካ ውስጥ ሱፐርስቲሺዮሰስ ተብሎ ሲጠራ ከነበረው ብዙው ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም ቮልከሪ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ፍሪማን የተባለ እንግሊዛዊ የአፍሪካን፣ የእስያንና የአውስትራሊያን ዝርያዎች እንደገና መርምሮ አደራጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ቫን ዱስበርክ የተባለ የሆላንድ ሰው የአሜሪካዎቹን አስተካከለ። እነዚህ ሰዎች ያስተዋሉት ነገር፣ የአንድ ዝርያ ልጆች አንዱ ደማቅ ቀይ፣ ሌላው ብርቱካናማ፣ ሌላው ቢጫ ሆነው ሊወጡ መቻላቸውን ነው። ክንፍ ላይ ያለችውም ጥቁር ነጠብጣብ አንዳንዴ ትሰፋለች፤ አንዳንዴ ትጠፋለች። የማይዋሸው የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርፅ ሆኖ ተገኘ። እርሱን በአጉሊ መነጽር እያዩ ነው የለዩአቸው።

ዛሬ የዚህ ወገን ዝርያዎች በአሥሮች ይቆጠራሉ። በሞቃቱ ዓለም ሁሉ አሉ። በሕንድና በፓኪስታን ኬኒጂና ሲንጉላተስ የሚባሉት፣ በፔሩ ፔሩቪያነስ፣ በደቡብ አሜሪካና በካሪቢያን ሌሎችም ጥጥን ያጠቃሉ። በእኛ በምሥራቅ አፍሪካ ከሚታወቁት ፋሺያተስ፣ ኒግሮፋሺያተስና ካርዲናሊስ ይገኙበታል። ጥጥ ብቻ የሚበሉም አይደሉም። ከጥጥ ዘመዶች ሁሉ ይቀምሳሉ። ባሚያ የጥጥ ዘመድ ነው፤ በረመዷን የምናፈላው ከርከዴም የጥጥ ዘመድ ነው፤ በተከዜ ሸለቆ የሚበቅለው ግዙፉ ዲማም እንዲሁ። ገበሬው ጥጡን ነቅሎ ሲጨርስ ትኋኑ ጠፋ ብሎ ያስባል፤ እርሱ ግን በአረሙና በዛፉ ላይ ሆኖ ቀጣዩን ወቅት ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ዝርያን መለየት ለምን እንደሚጠቅም በግልጽ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት ተመራማሪዎች ሦስት የአፍሪካ ዝርያዎችን አወዳድረው ነበር። ፋሺያተስ በዋናነት እንደ ዲማ ያሉ ዛፎችን ፍሬ ይከተላል። ሁለቱ ሌሎች ግን በአነስተኛ ተክሎችና በአረም ላይ የሚኖሩ ናቸው፤ አንዱማ ማሽላም ይበላል። በመልክ ወንድማማች፣ በኑሮ ግን ለየብቻ ናቸው። ከዚህ ሁሉ እኛን ያስገረመን የሴቷ ነገር ነው። ምግብ ፍለጋ ትበራለች፤ ምግብ አግኝታ ከጠገበችና ከተገናኘች በኋላ ግን የክንፏ ጡንቻ በውስጧ ይሟሟል። ያ ሥጋ ወደ እንቁላልነት ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ክንፍ እያላት መብረር አትችልም። ሱብሓነላህ! መጓጓዣዋን አፍርሳ የልጆቿን ስንቅ ታደርገዋለች። ርቧት ከሆነ ግን ጡንቻው አይሟሟም፤ ሌላ ቦታ እንድትሄድበት ይቆይላታል።

እንቁላሏን በርከት አድርጋ አፈር ውስጥ ወይም ቅጠል ሥር ትጥላለች። የተፈለፈሉት ልጆች ክንፍ የላቸውም፤ አምስት ጊዜ ቆዳቸውን እየቀየሩ ያድጋሉ፤ በአምስተኛው ክንፍ አውጥተው ሙሉ ሰውነት ይይዛሉ። በዚህ ቆዳ መቀየር ላይ አንድ ታሪክ አለ፤ ከጥጥ እርሻ ትንሽ ራቅ ብንልም እንንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ካሬል ስላማ የተባለ ተመራማሪ የዚህን ቤተሰብ ነፍሳት ከፕራግ ወደ አሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይዞ ሄደ። አገሩ ላይ ያለ ችግር ያድጉ የነበሩት እዚያ ሲደርሱ አምስተኛውን ደረጃ አልፈው ክንፍ ማውጣት ትተው ግዙፍ ሕፃናት እየሆኑ ይሞቱ ጀመር። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ምክንያቱ ማርቢያ ዕቃው ውስጥ የሚነጠፈው የአሜሪካ ወረቀት ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱ የተሠራበት የጥድ ዓይነት ነፍሳቱን ከልጅነት እንዳይወጡ የሚያግድ ቅመም አለው። የኒውዮርክ ጋዜጣ ስታነጥፍላቸው አያድጉም፤ የለንደን ጋዜጣ ስታነጥፍላቸው ያድጋሉ! ቅመሙ ሌሎች ነፍሳትን አልነካም፤ የሚሠራው በዚህ ቤተሰብ ላይ ብቻ ነው። ሊቃውንት በአጉሊ መነጽር የሳሉትን የቤተሰብ ድንበር ዛፉ ከእነርሱ በፊት ያውቀው ነበር። የሰው ልጅ ስሞችን የተማረው ከአላህ መሆኑን በሱረቱል በቀራህ ስለ አባታችን አደም (ዐ.ሰ) የተነገረውን ስናነብ እናውቃለን፤ ዛፉንስ ማን አስተማረው?

ጥጡን የሚያቆሽሸው ማነው?

የጥጥ ትኋን የሚፈልገው ነጩን ጥጥ አይደለም፤ በውስጡ ያለውን ዘር ነው። ዘሩ ዘይት አለው። ትኋኑ አረንጓዴውን ፍሬ ወይም የፈነዳውን ጥጥ ዘልቆ ዘሩን ይወጋል። ዘሩ ይመነምናል፤ ለዘይት መጭመቂያም ሆነ ለመዝራት ዋጋ ያጣል። ነገር ግን ትልቁ ጉዳት ሌላ ነው። በምንቃሩ አብሮት የሚገባ ጥቃቅን ፈንገስ አለ። ፈንገሱ በተዘጋው ፍሬ ውስጥ ያድግና ጥጡን ያበሰብሰዋል፤ ቢጫና ቡናማ ያደርገዋል፤ ፍሬውም በደንብ ሳይፈነዳ ይቀራል። ውጪው ሲታይ ደህና ነው፤ ሲከፈት ነው ጉዱ የሚታየው።

የዚህን ፈንገስ ስም ስናነብ ያገኘነውን ሳንነግራችሁ ማለፍ አንችልም። አሽቢያ ጎሲፒ ይባላል። ቢጫ የሚያደርገው በሰውነቱ ውስጥ አትረፍርፎ የሚያመርተው ቅመም ነው፤ ቅመሙም ቫይታሚን ቢ2 ነው። ሐኪም ቢ ኮምፕሌክስ አዝዞልን ስንውጥ ሽንታችን ደማቅ ቢጫ የሚሆነው በዚሁ ቫይታሚን ምክንያት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በፋብሪካ ከሚመረተው ቢ2 የተወሰነው ይህን ፈንገስ በትላልቅ በርሜሎች በማሳደግ የሚገኝ ነው። የጋሞዋን እናት ባዘቶ ያበላሸው ፍጥረት፣ በሌላ በኩል ደም ያነሳትን እናት የሚያክመው ኪኒን ውስጥ ገብቷል። አላህ ምንም ነገር በከንቱ እንዳልፈጠረ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን የተነገረን አማኞች እንድናስተነትን ነው።

አሁን ወደ ስህተታችን እንመለስ። በአፍሪካ ፎኖክቶነስ የሚባል ሌላ ወገን አለ። ይህ ከአዳኝ ትኋኖች ቤተሰብ ነው። ቀይ ነው፤ ጥቁር ምልክት አለው፤ በጥጥ ትኋኖች መካከል ተደባልቆ ይኖራል፤ ከሩቅ ያየው ሰው ከእነርሱ አይለየውም። ምግቡ ግን እነርሱው ናቸው። መንጋው ውስጥ ሆኖ አንድ በአንድ ይይዛቸውና ይመጣቸዋል። እንዲያውም የአዳኙ ዝርያዎች እያንዳንዳቸው አብረውት የሚኖሩትን የጥጥ ትኋን ዝርያ ቀለም እንደሚመስሉ ታውቋል። «ቀዩን ሁሉ ግደል» ስንል እርሱንም ግደል ማለታችን ነበር።

እንዴት እንለየዋለን? አንገቱን እዩ። የጥጥ ትኋን ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ከደረቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ አዳኙ ግን ጭንቅላቱ ረዘም ያለ፣ ከኋላው እንደ አንገት የቀጠነ ነው። ከዚያ ገልብጣችሁ ምንቃሩን እዩ። የጥጥ ትኋን ምንቃር ረጅም፣ ቀጥ ያለና ከሆዱ ሥር ተጋድሞ የሚቀመጥ ነው። የአዳኙ ምንቃር አጭር፣ ወፍራምና እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው። ይህን ስታዩ ግን በእጃችሁ አትያዙት፤ አዳኝ ትኋን ሲነካ ይናከሳል፤ ሕመሙም ይከፋል። በጨርቅ ወይም በጠርሙስ ያዙት።

መርጨትና አለመርጨት

ብዙ ገበሬ ይህን ሁሉ ለማየት ጊዜ የለውም፤ ፓምፑን አንጠልጥሎ ይረጫል። መድኃኒት ስንለው ኖረን ስሙ ራሱ አታለለን እንጂ መርዝ ነው። ትኋኑንም፣ አዳኙንም፣ ሸረሪቱንም፣ ንቡንም አይለይም። ዝናብ ሲመጣ ከእርሻው ታጥቦ ወደ ጅረት፣ ከጅረቱም ወደ ጫሞ ይወርዳል፤ ከጫሞ የወጣ ዓሣ ደግሞ በየቤታችን ይጠበሳል። ጥጥ ላይ ለብዙ ዓመታት ሲረጭ የነበረው ኢንዶሰልፋን የተባለ መርዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲወገድ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ለእናቶች በተለይ የምንለው አለ፤ የመርዙ ጀሪካን ስንት ጊዜ ቢታጠብ የውሃም የዘይትም ዕቃ አይሆንም። ወስዶ ለዉዱእ እንኳ መጠቀም ልክ አይደለም፤ አፍና አፍንጫ የምናጥበው በዚያ ውሃ ነውና።

ስለ ጥጥ ዘር ደግሞ የሚጠይቁን አሉ። መንግሥት በ2010 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2018) ቢቲ የሚባለውን በዘረመል የተሻሻለ ጥጥ በአገራችን እንዲዘራ ፈቅዷል። ይህ ጥጥ ፍሬ የሚበሳውን ትል የሚገድል ንጥረ ነገር በራሱ ውስጥ ይዟል። ትሉ ያኝካል፤ ይሞታል። ትኋኑ ግን እርሱን ለመግደል ያልተሠራን ነገር አይፈራም። በሰሜን ቻይና ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ቢቲ ጥጥ ሲዘሩ ለትሉ የሚረጩት መርዝ ቀነሰ፤ ያ መልካም ነበር። ሆኖም በዚያ መርዝ ሳቢያ አብረው ይሞቱ የነበሩት፣ ቅድም የጠቀስናቸው የሚሪዴ ቤተሰብ ትኋኖች እየበዙ ሄዱ፤ ከጥጡም አልፈው ወደ ወይንና ወደ ፖም እርሻ መሻገራቸው እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት ተገለጸ። ቢቲውን ዝሩ ወይም አትዝሩ ለማለት አይደለም፤ ይህ የእኛ ሙያ አይደለም። «ተባይ የማይነካው ጥጥ» ብሎ የሚሸጥላችሁን ነጋዴ ግን የትኛውን ተባይ እንደሆነ ጠይቁት።

በአርባ ምንጭ ዙሪያ ሌላ መንገድ የያዙ ገበሬዎች መኖራቸው ያስደስተናል። ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ባለፉት ዓመታት አነስተኛ የጥጥ ገበሬዎችን በማሠልጠን ይታወቃል። ሥልጠናው በእርሻው ውስጥ እየዞሩ ነፍሳትን መቁጠርን፣ ወዳጁን ከጠላት መለየትን፣ ከኒም ፍሬ የተዘጋጀ ፈሳሽ መጠቀምን ያካትታል። ከሁሉም እኛን የማረከን ግን ከበቆሎ ዱቄት የሚዘጋጀው ፈሳሽ ነው። ይህ ሲረጭ ማንንም አይገድልም፤ ሽታው አዳኝ ነፍሳትን ይጠራቸዋል። ሠራዊት በምግብ መጥራት እንጂ በመርዝ ማባረር አይደለም።

በቤት የሚሠራ ሥራም አለ። የጥጥ ትኋን በመንጋ የሚኖር ስለሆነ ጠዋት ጤዛ ሳለ እርሻ ውስጥ ገብቶ ሳሙና በተበጠበጠበት ባልዲ ውስጥ ማራገፍ ይቻላል፤ ልጆችም ይችሉታል። የጥጥ ዘር ክምር በእርሻው ጠርዝ ላይ ቢቀመጥ ይሰበሰቡበታል። መጀመሪያ የደረሱትን ማጥፋት ደግሞ ኋላ መንጋውን ከማባረር ይበልጣል፤ ሴቷ አንዴ ጠግባ ከረጋች እዚያው ትወልዳለችና። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ አገዳውን ሳይውል ሳያድር መንቀል፣ በዙሪያው ያለውን አረም መመንጠር ያስፈልጋል። እሳት ግን በሕይወት ባለ ነፍሳት ላይ አትልቀቁ። በእሳት መቅጣት የእሳቱ ጌታ ብቻ እንደሆነ ረሡል (ሰ.ዐ.ወ) የተቃጠለ የጉንዳን ቤት አይተው አስተምረዋል። በሌላ መንገድ ማስወገድ እየተቻለ ማቃጠል አይገባም። አገዳው ነፍሳቱ ከተራገፉ በኋላ ለማገዶ ይሁን።

ያ ወንድማችን ከታረመው መልሳችን በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ ላከልን። ትኋኑ ያቆሸሸውን ጥጥ ከነጩ ጋር ቀላቅሎ በአንድ ጆንያ ቢሸጥ ምን ችግር አለው፣ ገዢውም እኮ ማየት ይችላል የሚል ነው። የዚህ መልስ ጥናት አያስፈልገውም። ረሡል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ውስጥ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ አገኙት፤ ነጋዴው ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያጭበረብርም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ስለዚህ ሲለቀም ሁለት ጆንያ ይያዝ፤ ነጩ ለብቻ፣ ቢጫው ለብቻ። ቢጫው ለፍራሽና ለትራስ መሙያ ይሆናል፤ ምን እንደነካው ተነግሮት የሚገዛ ሰው አይጠፋም። ዋጋው ያንሳል፤ ገንዘቡ ግን ሐላል ነው።